ወንድሜ ያለፈኝ ዓርብ

ወንድሜና እኔ በአንድ ሊጋ ውስጥ፣ በሁለት ቡድን እንጫወት ነበር። ሁለተኛው ሊጋ ነው። ከእኛ በላይ ያለው ቴሌቪዥን የሚከታተለው፣ ተጫዋቹ በኳስ ብቻ የሚኖርበት ነው። ከእኛ በታች ያሉት ደግሞ ቀን ሥራቸውን ሠርተው ሲመሽ ለደስታቸው የሚሮጡ ናቸው። እኛ መካከል ላይ ነን። ሥራችን ነው እንዳንል ቤት አያቆምም፤ ጨዋታ ነው እንዳንል እንቅልፍ ይነሳናል። እኔ ጠዋት ጠዋት ቂርያት ቫይዝማን ውስጥ አንድ ሕንፃ በር ላይ በጥበቃ እቆምና ከቀትር በኋላ ወደ ልምምድ እነዳለሁ። ከሚገቡት ሠራተኞች አንዳንዶቹ ኳስ ተጫዋች መሆኔን ያውቃሉ። መታወቂያቸውን እያሳዩ «ዓርብ እንዴት ነበር?» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ መልሴ «እንዳለ ነው» ነበር።

የማወራላችሁ የመጨረሻ ዓመቴን ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ለቀኝ ተከላካይ ይሄ ዕድሜ ሽምግልና ነው። ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ያንሰኛል። እኔ ጎንደር ተወልጄ የእናቴን ቀሚስ ይዤ የመጣሁ ነኝ፤ እሱ እዚሁ እስራኤል ተወለደ። አባታችን ቶሎ ስለሞተ ኳስ መምታት ያስተማርሁት እኔ ነኝ፣ ረሖቮት፣ ከእናቴ ሕንፃ ጀርባ ካለው የመኪና ማቆሚያ ላይ። አድጎ የግራ መስመር አጥቂ ሆነ። ኳስ የምታውቁ ሰዎች ነገሩ ገብቷችኋል። የአንዱ ቡድን ግራ አጥቂ ከሌላው ቡድን ቀኝ ተከላካይ ጋር ፊት ለፊት ነው የሚቆመው።

የሊጋው ሕግ ለመናገር ቀላል ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር በደርሶ መልስ ይጫወትና ሠንጠረዡ ከመካከሉ ለሁለት ይቆረጣል። የላይኛው ግማሽ እርስ በርሱ እንደገና ይጫወታል፣ የታችኛውም እንዲሁ። በመጨረሻ ከላይ ሁለት ቡድኖች ወደ ትልቁ ሊጋ ይወጣሉ። ሁለት ብቻ። ሦስተኛ የወጣ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ደም ተፍቶም ቢሆን በሚመጣው ዓመት እዚያው ይጀምራል። እኔ ሦስተኛም አራተኛም ሆኜ ጨርሼ አውቃለሁ። ከትልቁ ሊጋ አንዲት ደቂቃ እንኳ ተጫውቼ አላውቅም።

እናቴ ይሄን ሕግ የተረዳችው በዚያ ዓመት ነው፤ ሁለታችንም ከላይኛው ግማሽ በመግባታችን። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ወንድሜ በዕብራይስጥ ከእኔ ጋር ሲያወራ «ዓሊያ» የሚለውን ቃል ሰማችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። በዕብራይስጥ ወደ ላይኛው ሊጋ መውጣትም ወደዚህ አገር መግባትም አንድ ስም ነው ያላቸው።

«የማን ዓሊያ ነው?» አለች። እህቷ ጎንደር ተቀምጣ ስንት ዘመን ስትጠብቅ ኖራለችና ዜና የመጣ መስሏት ነበር።

«የኛ ነው፣ እማዬ። የሊጋ» አላት ወንድሜ።

«እናንተም ትጠብቃላችሁ?»

«እንጠብቃለን።»

«ስንቱ ነው የሚወጣው?»

«ሁለት ቡድን።»

እናቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። «እንግዲያው ሁለታችሁም ውጡ» አለችና ወደ ምግቧ ተመለሰች። ያኔ ይቻል ነበር። ሁለታችንም ከፊት ከፊት ነበርንና በልቤ እንደዚያው ስመኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሌላ ነው። አንድ ሌላ ቡድን ከሁላችንም ተነጥሎ ቀድሞ መውጣቱን አረጋገጠ። የቀረችው አንዲት ቦታ ናት። ለእሷ የቀረነው እኛና የወንድሜ ቡድን ብቻ ነን። እነሱ በሁለት ነጥብ ይቀድሙናል፤ የመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ የእኛና የእነሱ ነው፣ ከእኛ ሜዳ። እኩል ከወጣን እነሱ ወጡ። እኛ ማሸነፍ ብቻ ነው ያለን።

በዚያ ሳምንት የእናቴ ቤት ጸጥ አለ። ወንድሜ ቤኤር ያዕቆብ ነው የሚኖረው፣ እኔ ከሚስቴ ጋር ኦሺዮት ነኝ። ሁለታችንም ግን በየሁለት ቀኑ እናቴ ጋ ሳንገናኝ አንቀርም። ማክሰኞ ዕለት ተገናኘን። ስለ ሙቀቱ አወራን፣ ስለ መኪናው ጎማ አወራን፣ ስለ ኳስ አንድም ቃል አልተነፈስንም። ቆይታ እናቴ አልቻለችም።

«ለማንኛችሁ ልጸልይ? ንገሩኝ እንጂ» አለች።

«ለዳኛው ጸልዪለት» አላት ወንድሜ። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።

እኔ በውስጤ «ለኔ» ማለት ፈልጌ ነበር። እሱ ገና ሃያ አምስት ነው፣ ብዙ ዓመት አለው፤ እኔ ሌላ የለኝም። ከጉልበቴ የተነሣ ጠዋት ስነሳ ደረጃውን የምወርደው በጎን ነው። ሚስቴ «ይበቃሃል» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። እኔም አንዴ፣ አንድ ዓመት ብቻ፣ እዚያ ላይ ልቁምና ይበቃኛል እላት ነበር። ሰው ባዶ እጁን ለማቆም እንዴት እንደሚያፍር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ረቡዕ ከልምምድ በኋላ አሰልጣኛችን ወደ ጎን ጠራኝ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሲጨንቀው ኮፍያውን ከራሱ ላይ አውልቆ የሚያጣጥፍ። ያን ቀን ሲያጣጥፈው ሳይ ምን ሊል እንደሆነ ገባኝ።

«ዓርብ ብትቀመጥ ምን ይመስልሃል?» አለኝ።

«ለምን?»

«ወንድምህ ነው። ለአንተም ለእናትህም ከባድ ነው። ሰዎችም ያወራሉ።»

«እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ወደየት እንደሚዞር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«እሱም አንተን ያውቅሃል» አለ።

ለመንሁት። ቃሉን ሌላ ላደርገው አልፈልግም፤ ለመንሁት። ዓመቱን ሙሉ ጉልበቴን እያሰርሁ እንደተጫወትሁ፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ዓርብ እንደሌለኝ ነገርሁት። ኮፍያውን ራሱ ላይ መልሶ «ቤሰደር፣ እሺ፣ ትጫወታለህ» አለኝና ሄደ።

ዓርብ ሐምሲን ነበር፤ ያ የበረሃ ነፋስ ሰማዩን ቢጫ አድርጎት ዋለ። ሚስቴና እናቴ ከሜዳው ጥላ ባለበት በኩል ተቀመጡ። እናቴ የማንንም ማሊያ አልለበሰችም፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ነው የመጣችው። የሁለቱ ቡድን ደጋፊዎች በግራና በቀኝ ሲጮሁ እሷ መሐል ላይ ናት። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃት ደግሞ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሳይገባ ቤቷ መድረስ ነበር።

ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ከማዕዘን ምት የእኛ መሐል ተከላካይ በጭንቅላቱ አገባ። በዚያች ቅጽበት የትልቁ ሊጋ ተጫዋች ነበርሁ። ሠንጠረዡ በአየር ላይ የተገለበጠ ያህል ነበር። ጮኽሁ፣ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። ከዚያ ዞር ስል ወንድሜ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ደስታዬን ያዝ አደረግሁት።

ከዕረፍት መልስ ኳሱ ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚሄደው። አንዴ ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል ነጠቅሁት፤ አንዴ ከመስመር ውጭ አስወጣሁበት። ደጋፊው ስሜን እየጠራ ያጨበጭብ ነበር። ይዤዋለሁ ብዬ አመንሁ። ከዚያ አንድ የእኛ ልጅ ተጎድቶ ጨዋታው ቆመና ሁላችንም ውኃ ለመጠጣት ወደ መስመሩ ሄድን። ወንድሜ አጠገቤ መጣ። ላቤን ከአፌ ላይ በእጄ እየጠረግሁ ነበር።

በአማርኛ «እማዬ ውኃ ይዛለች?» አለኝ።

«ይዛለች። ጥላ ውስጥ ናት።»

«መልኳ ጥሩ አልመሰለኝም።»

«ደህና ናት። ሂድ ተጫወት።»

በቃ። ያወራነው ይሄን ነው። የቡድኔ በረኛ ከሩቅ ሲያየን አይቼዋለሁ፤ ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳስ ከግራ መስመር ደረሰው። ቆመ። ቆሞ አየኝ። ወደ ውስጥ የሚገባ መስሎ ትከሻውን ዝቅ አደረገ፤ ይሄን ትከሻ መኪና ማቆሚያው ላይ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። በውጭ በኩል እንደሚያልፍ አወቅሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አወቅሁ። ጭንቅላቴ ቀድሞ ዞረ፣ እግሬ ግን አልተከተለም። ጉልበቴ እንደ ዛገ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ እስክዞር እሱ አልፏል። እጄን ዘረጋሁ፣ የማሊያው ጫፍ ጣቴን ነካና ሄደ። ዝቅ አድርጎ መታው። ኳሱ ቋሚውን ገጭቶ ገባ።

አልጨፈረም። እጁን ወደ ላይ አላነሣም። ጓደኞቹ እላዩ ላይ ተከመሩበትና ጠፋብኝ። የቀረችውን ጊዜ ሁላችንም ወደፊት ሮጥን፣ በረኛው ሳይቀር። ምንም አልመጣም። ፊሽካው ሲነፋ እኔ የእነሱ ግብ አጠገብ ሣሩ ላይ በፊቴ ተደፋሁ። ሣሩ ይሞቅ ነበር።  ቆይቶ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ሳላየው ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። እጁን ጀርባዬ ላይ አደረገ። ወዲያው ጓደኞቹ «ያላ! ወጣን! ወጣን!» እያሉ መጥተው እጁን ይዘው ወሰዱት።

ወደ ቤት በመኪና ስንመለስ እናቴ ከኋላ ሆና ፀሐይዋን በመስኮት ታይ ነበር። ከመውረዷ በፊት ጭንቅላቴን ሳመችኝ። «እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አለችኝ። የሐዘን መስሎኝ ነበር። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ከቀናት በኋላ ነው።

እሑድ ዕለት ሥራ በር ላይ ቆሜ ሳለ አንዱ ስልኩን አሳየኝ። ሰው ቀርጾት ነው፤ ወንድሜና እኔ መስመሩ ላይ ስንነጋገር፣ እጄ አፌ ላይ። ቀጥሎ ግቡ። ከሥሩ የተጻፈውን ልደግመው አልፈልግም። አጭሩ ነገር፣ በቋንቋቸው ተስማሙ፣ ለወንድሙ ሸጠን ነው። በረኛችንም ሲነጋገሩ አይቻለሁ ብሎ ተናግሯል፤ አልዋሸም፣ አይቷል። ምን እንደተባባልን ግን አልሰማም፣ ቢሰማም አይገባውም። ስለ ውኃ ነው ያወራነው ብዬ ለማን ልንገር? ለአንዱ ነገርሁት። «ስለ ውኃ?» ብሎ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ በኋላ ለማንም መናገር ተውሁ።

ክለቡ አልከሰሰኝም፣ ነጻ ነህም አላለኝም። አሰልጣኙ ደውሎ በሚመጣው ዓመት በወጣቶች እንደሚጀምሩ ነገረኝ። «አምንሃለሁ» አለኝ። ኮፍያውን እያጣጠፈ እንደሆነ በስልክ ውስጥ ታየኝ።

የባሰው ግን ከጎንደር የመጣው የእኛ ሰው ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ነው የተወራው። እናቴ ክሊኒክ ወረፋ ስትጠብቅ አንዲት ሴት እጇን ይዛ «ልጅሽ ታናሹን አሳለፈው አሉ! እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል!» አለቻት። ጸሎት ቤት ሽማግሌዎች ቆመው ጨበጡኝ። አንዱ «የራስህን ትተህ ለሱ ሰጠኸው፤ አባትህ ቢያይ» ብለው እንባቸው መጣ። ምን ልበላቸው? ደጋፊው ወንጀል ያለውን እነሱ ጽድቅ ብለውታል። ሁለቱም ግን የሚያወሩት ስላላደረግሁት ነገር ነው። ያደረግሁትን፣ ያን ሁሉ ዓመት ሮጬ ሮጬ በመጨረሻ አለመድረሴን፣ አንድም ሰው አላየልኝም።

እናቴ ጋ ሄድሁ። «እማዬ፣ አልለቀቅሁትም» አልኋት።

«እሺ ልጄ።»

«እውነቴን ነው። ለመያዝ ሞክሬ አቃተኝ። አርጅቻለሁ።»

«እሺ አልሁህ እኮ» አለችና ጉንጬን ዳሰሰችኝ፣ ደግ ሥራውን የሚደብቅ ሰው እንደሚዳሰሰው። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል? ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሰው ሲወጣና ሲወርድ እያየኝ፣ አለቀስሁ።

የበጋው ወራት እንዲህ አለፉ። ወንድሜ ደውሎልኝ አላነሣሁም፤ ተናድጄ ሳይሆን ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ነው። እሱ ትልቁ ሊጋ ነው፤ ቢያንስ አንዳችን ወጣን እል ነበር። ያቺ ነበረች መጽናኛዬ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ኦሺዮት፣ ሕንፃችን ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፀሐዩ እላዩ ላይ ነው፣ ወደ ጥላው እንኳ አልተጠጋም።

«ምን ሆነሃል?» አልሁት።

«ለቀቁኝ።»

«ማን?»

«ክለቡ። ከውጭ ሁለት አጥቂ አመጡ። ትልቁ ሊጋ ሌላ ነው አሉኝ። አመሰግናለሁ አሉኝ።»

አጠገቡ ተቀመጥሁ። ይሄ እንደሚሆን ማወቅ ነበረብኝ፤ ሲሆን ያየሁት ነገር ነው። የሚወጣው ክለቡ ነው፤ ያወጡት ተጫዋቾች አብረው ይወጣሉ የሚል ሕግ የለም። ስሙ ይወጣል፣ ማሊያው ይወጣል፣ አዳዲስ ሰዎች ገብተው ይለብሱታል። ግን ስለ ወንድሜ እንደዚያ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

 ቀና ብሎ ሳያየኝ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ።

«ጠይቅ።»

«ለቀቅኸኝ እንዴ?»

 «አንተም?» አልሁት።

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። እማዬም። መልበሻ ክፍል ውስጥ የኛዎቹም እየሳቁ ወንድምህን አመስግን ይሉኝ ነበር። ምናልባት ክለቡም እንደዚያ አስቦ ይሆናል። የዓመቱ ትልቅ ጎሌ እሷ ናት። እውነቱን ንገረኝ።»

«በውጭ በኩል እንደምትሄድ አውቄ ነበር» አልሁት። «ዞርሁ፤ አልደረስሁብህም። ማሊያህን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ፣ እሱም አመለጠኝ። ብደርስብህ ኖሮ እጥልህ ነበር።»

«በአባባ ማልልኝ።»

«በአባባ አጥንት።»

አየኝ። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር፤ ጎሏ የራሱ መሆኗን ሲያውቅ ቀና የሚል መስሎኝ። ፊቱ ግን ተሰበረ።

«እንግዲያ ለምን አልወሰዱኝም?» አለ።

 ትከሻውን አቀፍሁት። ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ጎረቤት እያየው ከአግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ተንሰቀሰቀ። ሚስቴ ከላይ ከመስኮቱ አይታን ወርዳ ወደ ቤት አስገባችን።

አሁን እኔ በጥበቃው ሙሉ ቀን ገብቻለሁ። ዓርብ ዓርብ ነጻ ነኝ። ወንድሜን አንድ የሰሜን ቡድን ወሰደው፤ ያው ሁለተኛው ሊጋ ውስጥ፣ ከሠንጠረዡ ታች ያለ። ባለፈው ዓርብ ለመጀመሪያ ጊዜ ላየው ነዳሁ፤ ረጅም መንገድ ነው። ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር። ከዕረፍት በኋላ ተነሥቶ በመስመሩ ዳር መሟሟቅ ጀመረ፣ ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ። ቡድኑ እየተሸነፈ ነው፤ አሁን ይገባል እያልሁ ከወንበሬ ጫፍ ተቀምጫለሁ። አንዱ ገባ፣ ሌላው ገባ። እሱ ጨዋታው እስኪያልቅ ሲሟሟቅ ዋለና ሳይገባ ቀረ።

ሰንበት ከመግባቱ በፊት እናታችን ጋ እንድንደርስ ቶሎ ወጣን። መኪናው ውስጥ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋደመው። «ዛሬ ጥሩ ነበር እግሬ» አለኝ ዓይኑን ጨፍኖ። «አይቼዋለሁ» አልሁት። ብዙም ሳንርቅ እንቅልፍ ወሰደው፤ እኔም እንዳይነቃ ሬዲዮውን ዘጋሁት።